ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት፦ በባቡሩ መስመር ያደገ ሙያ

በኢትዮጵያ እግር ኳስ የአሰልጣኝነት ሙያ የበቀለው ከሜዳው ከራሱ ነው። ሙያውን የሚያስተምር ተቋም ባልነበረበት ዘመን ቡድን የሚያሰለጥነው አብዛኛውን ጊዜ ትናንት አብሮ ሲጫወት የነበረ ሰው ነበር። ዕውቀቱ ከእግር ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ሌላ እግር እየተላለፈ ኖሯል። ሙያው የቆመበትን ምድር ለማየት ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ ወርዶ፣ በወለንጪቲ፣ በመተሐራና በአዋሽ አልፎ ድሬዳዋ የሚደርሰውን የባቡር ሐዲድ መከተል ይበቃል። በአንደኛው ጫፍ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በሌላው ጫፍ የድሬዳዋው ኮተን ነበሩ። በመካከላቸው፣ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ፣ የስኳር ፋብሪካዎቹ ቡድኖች ኋላ ተነሡ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ በማልያው ከታወቁት መካከል ይድነቃቸው ተሰማ ይገኙበታል። በ1914 ዓ.ም. ጅማ የተወለዱት ይድነቃቸው፣ ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለክለባቸውም ለአገራቸውም ተጫውተዋል፤ ቡድን አሰልጥነዋል፤ ፌዴሬሽን አደራጅተዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም በነሐሴ 1979 እስካረፉ ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ዛሬ አራትና አምስት ባለሙያ የሚካፈለውን ሥራ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ይሸከመው እንደነበር የእሳቸው ሕይወት በግልጽ ያሳያል።

የክለቦቹ መሠረት ግን በአብዛኛው መሥሪያ ቤትና ፋብሪካ ነበር። ተጫዋቹ በኳስ ብቻ መኖር ስለማይችል ክለቡ ሥራም ይሰጠዋል፤ ቀን በማሽን ወይም በቢሮ፣ ማታ በልምምድ። ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ከአዳማ በስተደቡብ ካለችው ከወንጂ የሚስማማ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። በአዋሽ ዳር የተዘረጋውን ሜዳ ለአገዳ ያለማው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ መሠረቱ አምስተርዳም ሲሆን በኢንዶኔዥያ የስኳር ሥራ የረጅም ጊዜ ልምድ ነበረው። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ የሸዋው በ1955፣ የመተሐራው በ1962 ዓ.ም. ተከተሉት። በመካከሉ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመርቆ የአዋሽን ውሃ ያዘ። በአገዳው ማሳ ዙሪያ ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛ በካምፕ በካምፕ ተሰባስቦ ሰፈረ። ብዙ ወጣት በአንድ ቦታ፣ ሥራው በፈረቃ፣ መሬቱ ሜዳ፤ ለኳስ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም።

በሐዲዱ በሌላው ጫፍ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ሕዝቡ ኮተን የሚለው፣ በ1950ዎቹ የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወሰደ። የአንድ ፋብሪካ ክለብ ከመዲናይቱ ክለቦች ዋንጫ ሲነጥቅ በባቡሩ መስመር ላሉ ከተሞች ትልቅ ነገር ነበር። ከኮተን ተጫዋቾች ሁሉ ስሙ ርቆ የሄደው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው።

ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት ተወለደ። ያደገው በእናቱ እጅ ነው። ድብልቅ ልጆች ከሁለቱም ወገን በሚገፉበት ከተማ ኳስ መድረሻ ሆነው፤ በመካኒክነት እየሠራ በአስመራ ክለቦች ተጫውቶ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም የብሔራዊ ቡድኑ አጥቂ ሆነ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ጋር የተሰለፉበት ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ውድድር ካርቱም ላይ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋለች፤ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም በዚያው ውጤት ተረታለች። ስለዚህ ጥር 13 ቀን ከግብፅ ጋር የተደረገው ፍጻሜ የቆየ ቂም ነበረው። ግብፆች በባዳዊ ጎል ቀደሙ። ኢትዮጵያ አቻ ከሆነች በኋላ ባዳዊ እንደገና አገባ፤ ሰዓቱም እየገፋ ሄደ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቻኖ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ አከሉ። 4 ለ 2። ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ አላገኘችም፤ ያ አሰላለፍ በየትውልዱ በቃል የሚደገመውም ለዚህ ነው።

ከዚያ አሰላለፍ ሁለቱ፣ ሉቻኖና መንግሥቱ፣ የአሰልጣኝነትን መንገድ ሄዱበት፤ ዕጣቸው ግን እጅግ የተለያየ ሆነ።

ሉቻኖ ኳስ ካቆመ በኋላ ክለብም ብሔራዊ ቡድንም አሰልጥኗል። የደርግ ዘመን ግን ለእሱ ጠባብ ነበር። በ1970 ዓ.ም. አገር ለቅቆ በጅቡቲ በኩል ወጣና ጣሊያን ገባ፤ ሮም አጠገብ ባለችው ኦስቲያም ልጆችን ኳስ እያስተማረ ኖረ። የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣ አምበል ዕውቀቱን በሰው አገር ለመንደር ልጆች ሲያካፍል፣ ያሳደገው ሜዳ ከዚያ ዕውቀት ሳይጠቀም ቀረ። ይህ ለኢትዮጵያ ኳስ ከባድ ኪሳራ ነበር። ሉቻኖ በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው ጣሊያን አረፈ፤ ኢታሎ ከእሱ ቀድሞ በ2013 ዓ.ም. አርፎ ነበር።

መንግሥቱ ወርቁ አገሩ ላይ ቆየ። በተጫዋችነቱ በአፍሪካ ዋንጫ በድምሩ 10 ጎል ያገባ ሲሆን፣ በ1954ቱ ውድድር በ3 ጎል ከግብፁ ባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋርቷል። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ወደተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ሄደ። ምድቡ ናይጄሪያን፣ ዛምቢያንና አልጄሪያን የያዘ ነበር። ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ። ይህን ብቻ የሚያይ ሰው ውድድሩን በውድቀት ይመዘግበዋል። ነገር ግን የመጨረሻው ጨዋታ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ነበር፤ ይኸው የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈ። የዘመኑን ታላቅ አጥቂ መስመር ያለ ጎል ያቆመው የራሱን ዕድሜ በአጥቂነት ያሳለፈ ሰው መሆኑ የሚያስገርም አይደለም፤ አጥቂ የሚፈራውን የሚያውቅ አጥቂ የነበረ ነው። መንግሥቱ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አረፈ።

ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት የሚወስደው መንገድ በሌላ አገር እንዴት እንደተደለደለ ለማነጻጸር ወንጂን ያለማው ኩባንያ የመጣባት ሆላንድ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ የመስመር ተጫዋች ልዩ ክብር አለው፤ አያክስ ልጆቹን ገና በሕፃንነታቸው በመስመር ዳር እንዲጫወቱ እያለማመደ ያሳድጋል። ከዚህ ቤት የወጣው ጆን ቫንት ስኺፕ እ.ኤ.አ. በ1963 ካናዳ ተወልዶ በአያክስ ቀኝ መስመር ለዓመታት ተጫወተ፤ በ1988ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊ ቡድን ውስጥ ነበረ፤ ቀጥሎ ለጣሊያኑ ጄኖዋ ተሰለፈ። ኳስ ሲያቆም ወዲያው ዋና ወንበር አልተሰጠውም ማለት ይቻላል፦ በአያክስ ወጣቶችን ይዞ ጀመረ፤ በብሔራዊ ቡድንም ከ2004 እስከ 2008 የማርኮ ቫን ባስተን ምክትል ሆነ። ከዚያ በአውስትራሊያ ሜልቦርንን፣ ቆይቶም የግሪክና የአርሜኒያ ብሔራዊ ቡድኖችን አሰለጠነ። ተጫዋቹን ደረጃ በደረጃ ወደ አሰልጣኝነት የሚያሻግር ድልድይ ተዘርግቶለታል። ሉቻኖና መንግሥቱ ድልድይ አልነበራቸውም፤ ወንዙን በዋና ነው የተሻገሩት።

ከሊቢያው ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ራቀች። በዚህ ጊዜ የውጭ አሰልጣኞች መጡ፣ ሄዱ፤ ኢፊ ኦኑራና ቤልጅጋዊው ቶም ሴይንትፌት በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ተከታትለው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ቡድኑን ወደ ውድድሩ የመለሰው ግን ሰውነት ቢሻው ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲያልቅ፣ ጎሏን ያገባው አዳነ ግርማ ነው። ቀኑ ጥር 13፣ 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51 ዓመት። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን የሄደውን ቡድን ያሰለጠነው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ሻምፒዮን ያደረገው ውበቱ አባተ ነው።

በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የክለቡ ባለቤት ተለውጧል። የሆላንዱ ኩባንያ ንብረት በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ፤ ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሆኑ። ወንጂ ስኳርና መተሐራ ስኳር በየተራ እስከ አገሪቱ ዋና ሊግ ደርሰው ተጫውተዋል፤ ኋላ ግን የፋብሪካ ክለቦች ቦታቸውን በከተማ አስተዳደር ለሚደገፉ ክለቦች ለቀቁ። በአዳማ ይህን ቦታ የያዘው አዳማ ከተማ ነው። ክለቡን ያሰለጠነው አሸናፊ በቀለ በ2009 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ሆላንዳዊው ማርት ኖይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ይዞ ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ አስገባ፤ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ነበር።

የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መካሄድ ከጀመሩ ወዲህ፣ ከ2014 ዓ.ም. አንሥቶ፣ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየምም የሁሉም ክለቦች ሜዳ ሆኗል። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ ተበታትነው የነበሩ አሰልጣኞች ለሳምንታት እዚያው አዳማ እየሰነበቱ አንዱ የሌላውን ልምምድና ጨዋታ ያያሉ።