ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ፦ ከቡታጅራ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጥያቄ ወረቀት ይዞ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ያለውን የአፓርታማዎን በር ቢያንኳኳ ምን ያደርጋሉ? ብዙዎቻችን ድምፃችንን አጥፍተን እስኪሄድ እንጠብቃለን። አይፈረድብንም። ባደግንበት አገር የተቆጠረ ሰው ወይ ግብር ይጨመርበታል፣ ወይ ልጁ ለውትድርና ይፈለጋል። በንጉሥ ዳዊት ቆጠራ ምክንያት የወረደውን መቅሠፍት እየጠቀሱ «ልጅ አይቆጠርም» የሚሉ እናቶችም አሉን።

ይሁን እንጂ በዚያው አገር መቆጠር የጠቀመበት ታሪክ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1986 በቡታጅራና በአካባቢዋ የጤና ጥናት ጀመረ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ገና 3 ዓመቱ እንደነበር ልብ ይሏል! በ10 ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየተዞረ ወደ 28,000 የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። ሥራው በዚያ አላበቃም፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ቀዬውን ለቀቀ እየተባለ ለዓመታት ተጻፈ። በዚህም ሕፃናትን በብዛት የሚቀጥፉት የሳምባ ምችና ተቅማጥ መሆናቸው ከግምት አልፎ በቁጥር ታወቀ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ68,000 በላይ ሰዎች ስለ አእምሮ ጤንነታቸው ተጠየቁ። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ ደርሰው የማያውቁ ነበሩ። በጥናቱም ምክንያት በቡታጅራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተጀመረላቸው።

ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ከቤተዝዳ ተነሥቶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግን አቋርጦ ኒው ካሮልተን የሚደርሰው የፐርፕል ላይን የባቡር መሥመር 16 ማይል ርዝመትና 21 ጣቢያዎች አሉት። ባቡር በሚያልፍበት ሠፈር ኪራይ መወደዱ ስለማይቀር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ነዋሪውን፣ ነጋዴውንና የካውንቲ ሹማምንቱን የሚያገናኝ ኅብረት አሰባሰበ። ቁፋሮው በተጀመረበት በ2017 የጋራ ስምምነት ተፈረመ፤ በኋላም በዓመት 70,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች አቅማቸው የሚችላቸው 17,000 ቤቶች በመሥመሩ ዙሪያ እንዲኖሩ ግብ ተያዘ። ቁፋሮው ከደጃቸው ሥር የሆነባቸው የቦኒፋንት ጎዳና ነጋዴዎች ደንበኛ ሲርቃቸው ያሳለፉትን ዓመታት እርስዎም ሳያዩ አልቀሩም።

በአሌክሳንድሪያም ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን ሳውዘርን ታወርስን የሚያጠቃልለው የምዕራብ አሌክሳንድሪያ ፕላን በ2024 ጸድቋል።

ታዲያ በእነዚህ ሁሉ ሰንጠረዦች ውስጥ እኛ የት ነን? አብዛኛውን ጊዜ «ጥቁር» በሚለው ዓምድ ውስጥ ተሸሽገናል። የፌዴራሉ ቆጠራ እንኳ በዚህ ዓምድ ሥር «ኢትዮጵያዊ» ብለን የምንጽፍበትን ቦታ የሰጠን ገና በ2020 ነው። ወረቀቱ ባዶውን ከተመለሰ ደግሞ ስንት ቤተሰብ በአንድ ክፍል እንደሚኖር፣ ስንቱ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ በአውቶቡስ እንደሚመለስ ፕላን አውጪው ከየት ያውቀዋል?

በቡታጅራ መዝጋቢዎቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ነበሩ። በር ያስከፈተው ይህ ይመስለኛል። በዚህ በኩል ዩኒቨርሲቲዎቹን የምንወቅሳቸው ነገር አለ፦ በእንግሊዝኛ ጠይቆ የሄደ ተማሪ ያገኘውን ውጤት ይዞ ሲመለስ አይታይም። ኮሌጅ ፓርክ የሚማሩት ልጆቻችን ግን ጥቂት አይደሉም። ባቡሩ በ2027 መጨረሻ ወይም በ2028 መጀመሪያ እንዲነሣ ቀጠሮ ተይዞለታልና፣ ወረቀቱን እነርሱ ይዘው ቢመጡ ጊዜው ገና አላለፈም።