ልክን ስለ ማወቅ፤ ከትሮምቦን ታሪክ የተገኘ ትምህርት

ከናስ ከሚሠሩት የሙዚቃ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ድምፃቸውን የሚለውጡት ጣት በሚጫነው ቁልፍ ነው። ትሮምቦን ግን አንዱ ቱቦ በሌላው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። የዚህ ቱቦ ውስጣዊ ስፋት ጠባብ፣ መካከለኛና ሰፊ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። መካከለኛው ወደ 13 ሚሊሜትር፣ ሰፊው ወደ 14 ሚሊሜትር ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። ነገር ግን በዚህች በትንሿ ልዩነት የተነሣ የሰው አሳብ ምን ያህል እንደ ተለዋወጠ ቢመረምሩት ትምህርት ይገኝበታል።

ትሮምቦን በ15ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ሲወጣ ቱቦው ቀጭን፣ ድምፁም ለዘብ ያለ ስለ ነበረ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋራ ተስማምቶ ይነፋ ነበር። የቬኒሱ ጆቫኒ ጋብሪኤሊ በ1597 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተማቸው ድርሰቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። ቤትሆቨንም በ1808 በቪየና ባሰማው በአምስተኛው ሲምፎኒ መጨረሻ ክፍል ሦስት ትሮምቦኖች አስገባ። ከዚያ ወዲህ የነፊዎቹ ቍጥር እየበዛ፣ አዳራሹም እየሰፋ ሄደ፤ ስለዚህ የላይፕሲኩ ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሳትለርና ሌሎች የጀርመን ሠሪዎች ቱቦውን አሰፉት። በ20ኛው መቶ ዓመት ሰፊው በአሜሪካ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ገነነ፤ ጠባቡን አጥብቀው ይዘው የነበሩት የብሪታንያ ነፊዎችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሰፊው ተመለሱ።

ሰፊው ለታላቅ አዳራሽ ማስፈለጉ እውነት ነው። ስሕተቱ የመጣው ግን ለአንድ ሥራ የተስማማው ለሁሉ ሥራ ይስማማል ከማለት ነው። ብዙ ተማሪ የሊቃውንቱን መሣሪያ ብይዝ ሊቅ እሆናለሁ ብሎ ሰፊውን ያዘ፤ ትንፋሹም ባልበቃው ጊዜ ጉድለቱን ሁሉ በራሱ ላይ ቈጠረ። መካከለኛው ደግሞ ያለ በደሉ በየጓዳው ተጣለ።

ሆኖም የመካከለኛውን ዋጋ ያልዘነጉ ነበሩ። በ1924 በኢንዲያናፖሊስ የተወለደው ጄ. ጄ. ጆንሰን የጃዝን ፈጣን ዜማ በትሮምቦን በመጫወት የታወቀ ሰው ነው። የያዘውም በክሊቭላንድ ከተማ ይሠራ የነበረውን፣ ኪንግ 3ቢ የተባለውን 12.9 ሚሊሜትር መካከለኛ ትሮምቦን ነበር። ታላቅነቱን ሰው ሁሉ መሰከረለት፤ ቱቦህ ጠበበ ብሎ የናቀው ግን አልተሰማም።

ዛሬ ነፊዎች አሮጌውን መካከለኛ ፈልገው የሚገዙት ስለ ምንድን ነው? ትንፋሽ ሲሰጡት ቶሎ ይመልሳል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ሆኖ ከጠባቡ ይልቅ ይሞላል፤ በትንሽ ጓድ ውስጥም ሌላውን ሳይሸፍን ይሰማል። ከአሮጌዎቹም ኮን የተባለው ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን ወደ ሌላ ስፍራ ሳያዛውር በኤልክሃርት ከተማ የሠራቸው በተለይ ይወደዳሉ።

ነገር ግን አሮጌ የሆነ ሁሉ መልካም አይደለም። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ስለ ሆነ፣ የነፊው እርጥበት በብዙ ዘመን ዚንኩን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭም ቀያይ ነጥብ ይታያል። ተንሸራታቹም ጥቂት ከጐበጠ መሣሪያው አይታዘዝም። ስለዚህ ብልህ ገዢ ዕድሜውንና ስሙን ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይከፍልም፤ ቱቦውን ይመረምራል፣ ተንሸራታቹን ይስባል፣ ከዚያም ነፍቶ ይሰማል።

አንተም ወጣት አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፍ ስትመርጥ፣ ሙያም ስትይዝ እንዲሁ አድርግ። ትልቁን ትልቅ ስለ ሆነ አትከተለው፤ አሮጌውንም አሮጌ ስለ ሆነ አትናቀው፣ አታምልከውም። አስቀድመህ ሥራህን እወቅ፤ ቀጥለህ የትንፋሽህን ልክ እወቅ። ከዚያ በኋላ የመረጥኸው መሣሪያ ያገለግልሃል እንጂ ጌታህ አይሆንም።