አረፋው ምን ይነግረናል?

ልብስ ካጠባችሁ በኋላ የምትደፉት አረፋ የት እንደሚደርስ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ታሪኩ ከእንግሊዟ ማንችስተር ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1914 ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የተባሉ ኬሚስቶች የከተማዋን ፍሳሽ በጠርሙስ አድርገው አየር ነፉበት። እስኪጣራ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ይሄ ደግሞ ለከተማ አይሆንም። ግን ከታች የቀረውን ዝቃጭ አልደፉትም። የጠራውን ውሃ ብቻ ቀድተው አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት፤ እንደገና አየር ነፉ። ይህን ሲደጋግሙት ሳምንታቱ ወደ አንድ ቀን፣ ከዚያም ወደ ሰዓታት ወረዱ። ለምን መሰላችሁ? ዝቃጩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ተከማችተው ነበር። ልክ እናቶቻችን ከሊጡ ቀንሰው እንደሚያስቀምጡት እርሾ!

አየሩ ግን መዘዝ አለው። በ1950ዎቹ የዱቄት ሳሙና ሲስፋፋ ማጣሪያዎችና ወንዞች በነጭ አረፋ ተሸፈኑ። የሳሙናው ሞለኪውል ቅርንጫፍ የበዛበት ስለነበር ባክቴሪያዎቹ በቀላሉ ሊፈጩት አልቻሉም። በ1960ዎቹ አምራቾች ቀጥ ባለ ሞለኪውል ተኩት፤ አረፋውም ቀነሰ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1969 ከአሜሪካዋ ሚልዋኪ ሌላ ዓይነት አረፋ ተዘገበ፤ ወፍራም፣ ቡናማና የማይጠፋ። የዚህ አረፋ ምንጭ ራሳቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። ገላቸው ሰም መሰል ስለሆነ ውሃ ይሸሻሉ፤ ከአየር አረፋ ጋር ተጣብቀው ላይ ይንሳፈፋሉ። በዝግታ ስለሚራቡ ዝቃጩ ገንዳ ውስጥ ብዙ ቀን ሲቆይ ይመቻቸዋል። መፍትሔውም ዝቃጩን ቶሎ ቶሎ ማስወገድ ነው።

ሌላው ራስ ምታት መብራት ነው። በእንዲህ ያለ ማጣሪያ ከሚፈጀው ኃይል ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስደው አየር መንፋት ነው። በ2018 የተመረቀውና በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራው የአዲስ አበባው ቃሊቲ ማጣሪያ ሌላ መንገድ ይከተላል። ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በሌለበት ገንዳ ያልፋል፤ ቀጥሎ ባክቴሪያ በለበሰ ሙሌት ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። አየሩ በመሃል ራሱ ይገባል።

ወደ ነገሌ ቦረናና ወደ ቆላው ከተሞች ብንወርድስ? ሙቅ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል፦ በባሕር ወለል ከፍታ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.5 ገደማ። በአንጻሩ ሙቀቱ ባክቴሪያዎቹን ያፈጥናል፤ ፀሐዩም በክፍት ገንዳ አልጌ አብቅሎ ያለ ሞተር ኦክስጅን ይሰጣል። ስለዚህ ለከተማችሁ ማጣሪያ ሲታቀድ ብትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ መብራት ሲጠፋ ባክቴሪያዎቹ በምን ይተነፍሳሉ?