የተናቀው ንዝረት

ምድር ፍጹም ጸጥ የምትልበት ቅጽበት የለም። የመሬት መንቀጥቀጥ በማይኖርበት ሰዓት እንኳ ስሱ መሣሪያ ቢተከልባት ያለማቋረጥ ስትርገበገብ ትገኛለች። የውቅያኖስ ሞገድ የባሕሩን ወለል ይገፋል፤ ነፋስ ዛፉንና ሕንፃውን ያወዛውዛል፤ ባቡርና ፋብሪካም የየበኩላቸውን ይጨምራሉ። የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎች ይህን ሁሉ በአንድነት «ሁካታ» ሲሉት ኖረዋል። ስሙ እንደሚያመለክተው ነገሩ የተናቀ ነበር። የአጥኚው ተግባር ፍሬውን ከገለባው መለየት ነውና፣ ሁካታው ለብዙ ዘመን እንደ ገለባ ሲጣል ቆየ። ዛሬ ግን ከዚሁ ገለባ ውስጥ ስለ መሬት ስብራት፣ ማለትም ሁለት የዐለት አካላት ጎን ለጎን ስለሚንሸራተቱበት ቀጠና፣ ብዙ ዕውቀት ይገኛል።

በ1870ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፍሎረንስ ይኖሩ የነበሩት ካህን ቲሞቴዎ ቤርቴሊ ፔንዱለም አንጠልጥለው በማጉያ መነጽር ሲመለከቱ፣ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ጥቂት በጥቂት ሲወዛወዝ አገኙት። እንቅስቃሴው በክረምት ወራትና የአየር ግፊት ዝቅ ባለ ጊዜ እንደሚበረታም አስተዋሉ። ነፋስ ያመጣው ነው የሚሉ ተቃዋሚዎች ስለ ነበሩ ክርክሩ ረዥም ሆነ። የዚህ ንዝረት ዋና ምንጭ ባሕር መሆኑን በስሌት ያስረዱት በ1950 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ማይክል ሎንጌት ሂጊንስ ናቸው። እርሳቸው እንዳሳዩት፣ እኩል ድግግሞሽ ያላቸው ሁለት የባሕር ሞገዶች ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥተው ሲገናኙ የሚፈጠረው ግፊት በጥልቀት ሳይደክም እስከ ባሕሩ ወለል ይደርሳል፤ መሬቱንም በእጥፍ ድግግሞሽ ያነዝረዋል።

ምንጩ ታወቀ፤ ጥቅሙ ግን ገና አልታወቀም ነበር። በዚህ ረገድ በር ከፋች የሆኑት ጃፓናዊው ኬይቲ አኪ ናቸው። በ1957 ባወጡት ጥናት፣ በአንድ ሥፍራ በርካታ መሣሪያዎችን ተክሎ የየመዝገባቸውን ተመሳሳይነት በመለካት ንዝረቱ በመሬት ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ማስላት እንደሚቻል አመለከቱ። ፍጥነቱ የመሬቱን ጥንካሬ ስለሚገልጽ፣ ሳይቆፍሩ ከታች ያለውን ማወቅ ተቻለ ማለት ነው። በ1968 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ክሌርባውት በድርብርብ የዐለት ንጣፎች ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ በስሌት አቀረቡ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ ሁካታን ያለማቋረጥ መዝግቦ የሚያከማችና ያን ሁሉ ቁጥር የሚያሰላ መሣሪያ በሰፊው አልተገኘም ነበርና።

የዘዴው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሁለት ጣቢያዎች አሉ እንበል። አንድ ሞገድ በመጀመሪያው በኩል አልፎ ወደ ሁለተኛው ቢሄድ፣ ያው ንዝረት ጥቂት ዘግይቶ በሁለተኛው መዝገብ ላይ ይታያል። የሁለቱን መዝገብ ለብዙ ቀናት እያስተያዩ ቢደምሩት፣ ከየአቅጣጫው በዘፈቀደ የመጣው እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ሁለቱን በሚያገናኘው መሥመር የተጓዘው ግን እየጎላ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚቀረው፣ በአንደኛው ጣቢያ መሬቱን በመዶሻ መትተው በሁለተኛው ቢመዘግቡ ከሚገኘው ጋር ይመሳሰላል። ሪቻርድ ዊቨርና ኦሌግ ሎብኪስ በ2001 ይህን በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ በቤተ ሙከራ አረጋገጡ። በ2005 ደግሞ ኒኮላይ ሻፒሮና ባልደረቦቻቸው የአንድ ወር ገደማ ሁካታ ተጠቅመው የካሊፎርኒያን መሬት ውስጣዊ ካርታ አወጡ።

ዘዴው በስብራት ላይ ከተፈተነባቸው ሥፍራዎች እጅግ የሚጠቀሰው በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በሳን አንድሪያስ ስብራት ላይ የምትገኘው ትንሽ መንደር ፓርክፊልድ ናት። በዚያ በ1857፣ በ1881፣ በ1901፣ በ1922፣ በ1934 እና በ1966 መጠናቸው 6 ገደማ የሆኑ መንቀጥቀጦች ደርሰው ነበር። አማካይ ልዩነታቸው 22 ዓመት ስለ ሆነ፣ ዊልያም ባከንና አለን ሊንድ በ1985 ቀጣዩ ከ1993 በፊት እንደሚደርስ ተነበዩ። ስብራቱም በልዩ ልዩ መሣሪያ ተከበበ። ይሁን እንጂ የተባለው ጊዜ አለፈ። መንቀጥቀጡ የመጣው ሴፕቴምበር 28 ቀን 2004 ነበር፤ መጠኑ 6.0 ሲሆን፣ በ1934 እና በ1966 ከተነሣበት ጫፍ ሳይሆን ከሌላው ጫፍ ተነሣ። መሣሪያዎቹም ግልጽ ቅድመ ምልክት አላሳዩም።

ትንቢቱ ከሸፈ፤ ድካሙ ግን ከንቱ አልቀረም። በጉድጓድ ውስጥ የተቀበሩት መሣሪያዎች ጥቃቅን መንቀጥቀጦችን ለመያዝ የታሰቡ ቢሆኑም፣ በመካከል ያለውን ሁካታም ሳይለዩ መዝግበው ነበር። ፍሎራን ብሬንጊዬና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባወጡት ጥናት የ13 ጣቢያዎችን መዝገብ ከጃንዋሪ 2002 እስከ ኦክቶበር 2007 ወስደው፣ 78ቱን ጥንዶች አንድ በአንድ አመሳከሩ። በዲሴምበር 2003 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ከደረሰው፣ መጠኑ 6.5 ከሆነው የሳን ሲሚየን መንቀጥቀጥ በኋላ የሞገዱ ፍጥነት በ0.04 ከመቶ፣ ከፓርክፊልዱ በኋላ ደግሞ በ0.08 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህም 100 ሴኮንድ የተጓዘ ሞገድ የሚዘገየው ከአንድ ሴኮንድ ዐሥረኛ ባነሰ ነው እንደ ማለት ነው። በመንቀጥቀጥ በላላው ዐለት ውስጥ የሞገዱ ፍጥነት ከሦስት ዓመት በላይ ዝቅ እንዳለ ቆየ፤ ቅናሹም ቀስ በቀስ እየጠበበ ሄደ። ስብራት ከተናወጠ በኋላ ቀስ በቀስ እንደሚያገግም በዚህ መንገድ ከቀን ወደ ቀን ለመከታተል ተቻለ።

ከዚህ በላይ ተስፋ መስጠት ግን አይገባም። ዘዴው መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀን አይናገርም። የባሕሩ ሞገድ ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚለዋወጥና የከርሰ ምድር ውኃም ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የእነዚህን ተጽዕኖ ከስብራቱ ለውጥ መለየት ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ለመሐንዲስ የሚተርፈው ትምህርት ሌላ ነው። የፓርክፊልድ መሣሪያዎች የተጠበቀውን ባለመስጠታቸው ተነቅለው ቢሆን፣ ወይም «ባዶ» የተባለው መዝገብ ማከማቻ ለመቆጠብ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ፣ የስብራቱ ማገገም ሳይታይ በቀረ ነበር። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ የስምጥ ሸለቆ ስብራቶች እንዳልተኙ ለሁሉም ግልጽ ሆኗል። ከመንቀጥቀጥ በኋላ የሚተከል መሣሪያ ከመንቀጥቀጥ በፊት የነበረውን ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ጸጥታ በሚመስለው ዘመን ሳይቋረጥ የሚያዝ መዝገብ፣ ዛሬ ጥቅሙ ባይታይም፣ ለሚመጣው አጥኚ የሚቀመጥ ስንቅ ነው።