የማተሚያ ቤቱ አየር

የኅትመት ጥበብ ለሰው ልጅ ያበረከተው ብርሃን ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ሠራተኛው በጤናው የከፈለው ዋጋ ግን እምብዛም አልተጻፈም። ኢጣልያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1713 አስፋፍቶ ሲያሳትም ለአታሚዎች ሕመም ስፍራ ሰጥቶ ነበር። ከዚያም ወዲህ ለረጅም ዘመን የሙያው ጠላት ሆኖ የታወቀው ፊደል የሚቀረጽበት እርሳስ ነው። ኦፍሴት ሲስፋፋ የእርሳሱ ሥጋት ቀነሰ፤ በምትኩ ግን ቀለም የሚያጸዱ ተናኝ ፈሳሾች ወደ ሥራው ክፍል ገቡ።

የእነዚህ ፈሳሾች ጉዳት ጎልቶ የታየው በጃፓን፣ በኦሳካ ከተማ በሚገኝ አንድ የናሙና ማተሚያ ቤት ነው። ናሙና አታሚ ጥቂት ቅጂ ብቻ አትሞ ቀለም ስለሚለውጥ፣ የመኪናውን የጎማ ልባስ በየጊዜው በጨርቅ መወልወል ነበረበት። ለዚህም እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2006 ድረስ 1,2-ዳይክሎሮፕሮፔን የተባለ ፈሳሽ፣ ለተወሰኑ ዓመታትም ከዳይክሎሮሜቴን ጋር፣ አገልግሏል። የአየር ማስወጫው በቂ አልነበረም፤ ለሠራተኞቹም የመተንፈሻ መከላከያ አልተሰጠም።

የሐሞት ቧንቧ ነቀርሳ በአብዛኛው የሽማግሌዎች በሽታ ነው። በዚህ ቤት ግን የተያዙት ወጣቶችና ጎልማሶች ነበሩ። የሥራ ጤና ተመራማሪው ሺንጂ ኩማጋይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከ62 ወንዶች ሠራተኞች 11ዱ በበሽታው መያዛቸው ተረጋገጠ፤ ሲታወቅባቸው ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 45 ዓመት ነበር። ስድስቱ ሞተዋል። በዚያው ዓመት የጃፓን መንግሥት ሕመሙን ከሥራ የመጣ በሽታ አድርጎ ተቀበለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ፈሳሹን ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት መደበ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው፣ ዳይክሎሮሜቴን በሕግ ቁጥጥር ሥር ሳለ 1,2-ዳይክሎሮፕሮፔን ግን በጊዜው በዚያ ደንብ ውስጥ አለመመዝገቡ ነው። ያልተከለከለ ሁሉ እንደ ደኅና ተቆጠረ። ስለዚህ አንዱን ፈሳሽ በሌላ መተካት ብቻውን ጥንቃቄ አይሆንም፤ ተተኪው አስቀድሞ ይመርመር፣ ተኑ ከሚነሣበት ስፍራ ተስቦ ይውጣ፣ የሠራተኛው ሕመምም ከሥራው ጋር እየተያያዘ ይመዝገብ። የኦሳካ ሠራተኞች ሕመም አንድ ላይ ተደርጎ እስኪታይ ድረስ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው የታመመ መስሎ ነበር።