የፋሲል መዋኛ ወይስ የፋሲል የአትክልት ስፍራ?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያን ከጃፓን ጋር ማነጻጸር የምሁራኑ ተወዳጅ ርእስ ነበር። ሚዛን ላይ የሚወጣው ግን ሕገ መንግሥቱና ፋብሪካው፣ ትምህርት ቤቱና ሠራዊቱ ነበር እንጂ የአትክልት ስፍራው አልነበረም። ከገዳሪፍ ተነሥቶ በገላባትና በመተማ በኩል ጎንደር ለሚደርስ መንገደኛ ግን ይህኛው ንጽጽር ከሁሉ የቀረበ ነው፤ በቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለው የፋሲል ግቢ በቶኪዮ አቻ አለውና።

አቻው በቡንክዮ ወረዳ የሚገኘው ኮይሺካዋ ኮራኩኤን ነው። የሚቶው መስፍን ቶኩጋዋ ዮሪፉሳ በ1629 አስጀመሩት፤ ልጃቸው ሚትሱኩኒ አስፈጸሙት። ከተማዋ ያን ጊዜ ኤዶ ትባል ነበር። ጎብኚ ሲገባ ዓይኑን የሚስበው አዳራሽ ሳይሆን ውሃ ነው። መንገዱ ሆን ተብሎ የተጠማዘዘ ስለሆነ ኩሬው አንዴ ይገለጣል፣ አንዴ ከዛፍ ጀርባ ይሰወራል። ከድልድዮቹ አንዱ ከድንጋይ የተሠራ ሲሆን ግማሽ ክብ የሆነው ቅስቱ ውሃው ላይ ከሚታየው ምስሉ ጋር ሲገጥም ሙሉ ጨረቃ ይሆናል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ይህን ጸሐፊ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን በጌጡ መካከል ያለችው ትንሽ የሩዝ ማሳ ናት። ሚትሱኩኒ ያበጇት ለወራሻቸው ሚስት የገበሬን ድካም ለማሳየት እንደሆነ ይነገራል። ማሽላ በሚታጨድበት አገር ለሚኖር አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ዘመኑን ልብ እንበል። ክርስትናን በ1614 የከለከለው የቶኩጋዋ መንግሥት በ1639 የፖርቱጋልን መርከቦች ጨርሶ አገደ። ዐፄ ፋሲለደስም በ1632 ዙፋን ላይ እንደወጡ ብዙ ሳይቆዩ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ በ1636ም ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ቤተ መንግሥቶች ለአንድ ማኅበር መነኮሳት በራቸውን የዘጉት በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ በሩ ሲዘጋ ጥበቡ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ጎንደር ግንቦቿን ያቆመችበት የኖራ ጥበብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያኑ በነበሩበት ጊዜ የገባ ነው። በኤዶም ለኮራኩኤን ስሙን ያወጣለት ከቻይና የተሰደደው ሊቅ ዡ ሹንሽዊ ነው፤ የስሙም ምሥጢር ገዥ የሚደሰተው ከሕዝቡ በኋላ መሆን አለበት የሚል ነው።

ወደ ቀሐ እንመለስ። ግቢውን ትውፊት ለፋሲለደስ ይሰጠዋል፤ ለልጅ ልጃቸው ለቀዳማዊ ኢያሱ የሚሰጡትም አሉ። ቦታው በጉዞ መጽሐፎች «መታጠቢያ»፣ በአማርኛም ብዙ ጊዜ «መዋኛ» ይባላል። ትርጉም ሥራው ለሆነ ሰው ሁለቱም ቃላት ያንሳሉ። በድንጋይ አጥር የተከበበ፣ በትልልቅ ዛፎች የተጠለለ፣ መካከሉ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ በቅስቶች ላይ የቆመ ባለ ፎቅ ቤት፣ ወደ ቤቱም የሚያሻግር ድልድይ ያለው ስፍራ በጃፓን ቢገኝ ማንም መታጠቢያ አይለውም ነበር። የውሃው አመጣጥ እንኳ ይመሳሰላል፤ የጎንደሩ በቦይ ከቀሐ ይጠለፋል፣ የኮራኩኤኑም ከካንዳ የውሃ ቦይ ይመጣ ነበር።

ሁለቱም ክፉ ቀን አይተዋል። ጎንደርን በ1866 የራሷ ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ አስዘረፏት፤ በ1888 ደግሞ በገላባት በኩል የዘመተው የመሐዲስቶች ጦር በአቡ አንጃ መሪነት አቃጠላት። እኛ ዛሬ ለንግድና ለዘመድ ጥየቃ የምናውቀው መንገድ ያን ጊዜ የእሳት መንገድ ነበር። ኮራኩኤንም በ1923 በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1945 በአየር ድብደባ ተጎዳ። ያን ጊዜ የተቃጠለው ጥንታዊ በሩ እንደገና የተሠራው በ2020 ነው።

ልዩነቱ በአያያዙ ላይ ነው። በቶኪዮ ውሃው ዓመቱን ሙሉ አለ፤ አትክልተኛው ዛፉን በየወቅቱ ይገርዛል፤ ማሳዋን የወረዳው ተማሪዎች ይተክሏታል። በጎንደር ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ በሌላ ወር የመጣ እንግዳ የሚያየው ደረቅ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል፤ ተከፍቶም ይመለሳል። አጥሩን ያቀፉት የዛፍ ሥሮች ደግሞ የፎቶግራፍ አንሺዎች ደስታ፣ የግንብ ጠጋኞች ጭንቀት ናቸው፤ ድንጋዩን ይፈለቅቁታል፣ ያንኑ ድንጋይ ደግፈውም ይይዙታል። ቦታውን መታጠቢያ ነው ብሎ የሚያስብ ጠጋኝ ሥሩን ቆርጦ ድንጋዩን ለማዳን ይቸኩላል፤ የአትክልት ስፍራ ነው ብሎ የሚያስብ ግን ዛፉንም እንደ ግንቡ ቅርስ አድርጎ ይቆጥረዋል። የፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ይህም ስፍራ አብሮ ተመዝግቧል፤ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2019 ለብቻው።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ በመተማ በኩል ለሚሻገር፣ ከጥር 11 ሁለትና ሦስት ቀን ቀድሞ መድረስ ይሻላል። ሕዝቡ ገና አልሞላም፤ ከቀሐ የተጠለፈው ውሃ በገንዳው ውስጥ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ የቤቱም ቅስቶች አንድ በአንድ ከምስላቸው ጋር ይገጥማሉ።