የሠርግ ዲስክ የሚያጫውት ላፕቶፕ የሱቅ ዲቪዲ ለምን እምቢ ይላል?

ለዘመድ ጥየቃ ጃጁራ በሄድኩበት ሰሞን የአጎቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ላፕቶፑ የተላከለት ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከሐድያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደዚያ ስለሄደ በአካባቢው እንዲህ ያለ ዕቃ ብርቅ አይደለም። ችግሩ አሜሪካ ያለችው እህቱ ከሱቅ ገዝታ የላከችለትን የፊልም ዲቪዲ አላጫውት ማለቱ ነበር። አንድ ጥገና ቤት መጀመሪያ ፎርማት አድርጎ ሒሳቡን ተቀበለ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ «ሌንሱ ሞቷል፣ ዲቪዲ ራይተሩ ይቀየር» አለው። «ጋሼ፣ ቀብድ ሳልከፍል እስኪ ይዩልኝ» አለኝ።

የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ቤት ውስጥ በዲቪዲ የተቀዳ ሠርግ አለ ወይ? ነበር፤ ጥርት ብሎ ተጫወተ። ሌንሱ አልሞተም ማለት ነው። የሙዚቃ ሲዲ ቢሆን ኖሮ ማስረጃ አይሆንም። ሲዲ የሚነበበው 780፣ ዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖ ሜትር ገደማ በሆነ ጨረር ስለሆነ አንዱ ሞቶ ሌላው ሊሠራ ይችላል።

የሱቁ ዲስክ ከሠርጉ ዲስክ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ይዘቱ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፏል፤ የአካባቢ ቁጥርም አለው። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን ሲከፋፍሉ ለአሜሪካና ለካናዳ 1፣ ለአውሮፓ፣ ለጃፓንና ለመካከለኛው ምሥራቅ 2 ቁጥርን ሰጡ። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5 ላይ ናት፤ ደቡብ አፍሪካና ግብፅ ግን 2 ናቸው። እንግዲህ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ላፕቶፕ 2 ላይ ተሞልቷል፣ ከአሜሪካ የመጣው ዲስክ ደግሞ 1 ነው። የሚገርመው፣ በየሱቁ የሚሸጠው የኮፒ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁሉ ስለሌለበት ያለችግር ይጫወታል፤ የሚቸገረው ሕጋዊውን የገዛው ሰው ነው።

ቁጥሩን ማየት ቀላል ነው። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዲቪዲ ድራይቩን ስም በቀኝ ክሊክ ከፍተው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቪዲ ሪጅን የሚለውን ይመልከቱ። የተሞላውን አካባቢና ስንት ለውጥ እንደቀረ ያሳያል። እዚህ ላይ ግን እጅዎን ሰብሰብ ያድርጉ! መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድራይቩ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ለዘለቄታው ይቆለፋል። ቆጠራው የተቀመጠው በራሱ በድራይቩ ውስጥ እንጂ በሃርድ ዲስኩ ላይ ስላልሆነ ፎርማት ቢያደርጉት፣ ዊንዶውሱን እንደገና ቢጭኑት አይመለስም። የአጎቴ ልጅ ድራይቭ የቀረው 2 ለውጥ ነበር። ሦስቱን ማን እንደጨረሰው የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ቁጥሩን ሳልነካ ቪኤልሲ የተባለውን ነፃ ማጫወቻ በፍላሽ ይዤ ስለነበር እሱን ጫንኩለት። ቪኤልሲ ቁልፉን ራሱ ይፈታል፤ ብዙውን ጊዜ የአካባቢ ቁጥሩንም ያልፈዋል። ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንድ ድራይቮች፣ በተለይ ማትሺታ የሚል ስም ያላቸው፣ ለእሱም እምቢ ይላሉ። ያን ጊዜ ቁጥሩን አንድ ጊዜ ቀይሮ እዚያው ላይ መርጋት ነው።

የሠርጉም ዲስክ ካልተጫወተና ፋይሎቹ ግን የሚታዩ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፦ የጎደለው የዲቪዲን ምስል የሚፈታው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ አልነበረውም፤ በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮም ማይክሮሶፍት ከመደበኛው ጭነት አውጥቶታል። እዚህም ቪኤልሲ ይበቃል። ዲስኩ ላይ ብሉ ሬይ የሚል ካለ ግን በዲቪዲ ድራይቭ አይድከሙ፤ ጨረሩ ሌላ ነው።

የአጎቴ ልጅ ፊልም የተነሳው በሁለተኛው ሙከራ ነው፤ ሚዲያ ከሚለው ውስጥ ኦፕን ዲስክ ብዬ፣ ኖ ዲስክ ሜኑስ የሚለውን ምልክት አድርጌ። ቀብዱ ኪሱ ውስጥ ቀረ፤ 2ቱ ለውጥም እንዳሉ ናቸው።